የአቋቋም ነገር

አማርኛችን «ቆመ» ከሚለው ከአንዱ ግሥ ያፈራው የቃል ዘር ብዙ ነው። ቁመት፣ ቋሚ፣ አቋም፣ ተቋም፣ መቋሚያ፣ አቋቋም፣ ሁሉም ከዚያው ሥር የበቀሉ ናቸው። ሰው በአሳቡ ጸንቶ ሲገኝ «አቋም አለው» እንላለን፤ መከራን ሲችል «ተቋቋመው» እንላለን፤ ለብዙ ሰው የሚሆን ሥራ ሲመሠረትም «ተቋቋመ» እንላለን። ከእነዚህ ሁሉ እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ «አቋቋም» የሚለው ነው። ይህ ቃል በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓተ ትምህርት ራሱን የቻለ የአንድ ጉባኤ ቤት ስም ነውና። በአቋቋም ቤት ደቀ መዝሙሩ ዜማውን ከመቋሚያው፣ ከጸናጽሉና ከከበሮው ጋር አዋሕዶ፣ በማሕሌት ቆሞ እንዴት እንደሚያመሰግን ይማራል። ጎንደር በአታ በዚህ ትምህርት ስሟ የታወቀ ነው። ሕፃን ገና በዓመቱ ግድም ግድግዳ ይዞ የሚለምደውን ነገር አባቶቻችን ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት አድርገው አቆዩት ማለት ነው።

እኔ አቋቋም የተማርሁት በሌላ ጉባኤ ቤት፣ ከሃያ ዓመት በላይ በባዶ እግሬ በቆምሁበት የካራቴ አዳራሽ ነው። የእኔ ዘመን ልጆች ወደዚህ ትምህርት የገባነው በአብዛኛው በቪዲዮ ቤት በር በኩል ነበር። በጨለማ ክፍል አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን የብሩስ ሊን ፊልም ስናይ ዓይናችን የሚከተለው የሚበርረውን እግር እንጂ መሬት ላይ የቀረውን አልነበረም። አዳራሽ ገብተን ግን ማስተራችን በመጀመሪያው ወር ቡጢም ርግጫም አላስተማሩንም። ያስተማሩን መቆምን ነው። ብዙዎቹ ጓደኞቼ ወሩ ሳያልቅ ቀሩ። እኔ ለምን እንደቆየሁ በዚያን ጊዜ ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም፤ አሁን ግን ያቆየኝ አንድ አቋቋም መውደዴ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚያ አቋቋም ከመናገሬ በፊት ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ላብራራ። በካራቴ አቋቋም ማለት እግር፣ ጉልበት፣ ዳሌና ጀርባ የሰውነትን ክብደት ተከፋፍለው የሚሸከሙበት ሥርዓት ነው። ዜንኩትሱ ዳቺ በሚባለው የፊት ጉልበት ይታጠፋል፣ የኋላው እግር ይዘረጋል፣ ክብደቱም ከግማሽ በላይ ወደ ፊት ያመዝናል፤ የሚያጠቃ ሰው አቋቋም ነው። በኮኩትሱ ዳቺ ከመቶ ሰባ እጅ ያህሉ ክብደት በኋላው እግር ላይ ያርፋል፤ ይህ የሚከላከል ሰው ነው። ኔኮ አሺ ዳቺ፣ ማለትም የድመት እግር አቋቋም፣ ክብደቱን ከሞላ ጎደል በጠቅላላ ለኋላው እግር ሰጥቶ የፊቱን በጣቶቹ ሥር ብቻ መሬት ያስነካዋል። ሳንቺን ዳቺ ደግሞ የጎጁ ሪዩ ተከታዮች የሚወዱት ነው፤ አጭር ነው፣ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ዞር ይላሉ፣ መላው አካልም እንደ ተጠመዘዘ ገመድ ይጠብቃል። የጎጁ ሪዩ መሥራች ቾጁን ሚያጊ ከመምህሩ ከካንሪዮ ሂጋኦና የተቀበለው የሥልጠናው መሠረት ይኸው ሳንቺን ነበር።

አካላችን የሚቆምበት ሕግ ቀላል ነው። ከሰውነታችን የክብደት ማእከል ወደ ታች የሚወርደው መስመር በእግሮቻችን መካከል ባለው ስፍራ ውስጥ እስካረፈ ድረስ አንወድቅም። ስፍራው ሲሰፋና ማእከሉ ዝቅ ሲል ጽናት ይጨምራል፤ ዳሩ ግን በዚያው መጠን ከስፍራው ለመንቀሳቀስ ያለን ፍጥነት ይቀንሳል። ከዚህም የተነሣ እንከን የሌለበት አቋቋም የለም። እያንዳንዱ በአንድ አቅጣጫ የጸና፣ በሌላው አቅጣጫ የላላ ነው። ጥሩ መምህር ተማሪውን የሚፈትነው በጸናበት በኩል ሳይሆን በላላበት በኩል በሁለት ጣት ገፋ አድርጎ ነው።

እኔ የወደድሁት ኪባ ዳቺን ነው፤ ትርጓሜውም የፈረስ ጋላቢ አቋቋም ማለት ነው። ቻይናውያን በራሳቸው የፍልሚያ ጥበብ ውስጥ ተመሳሳዩን ማ ቡ ይሉታል። ሁለቱ እግሮች ከትከሻ ስፋት እጥፍ ያህል ተራርቀው ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ጣቶች ወደ ፊት ያያሉ፤ ጉልበቶች ታጥፈው ወደ ውጪ ይገፋሉ፤ ክብደቱ ለሁለቱ እኩል ይከፈላል። የሌለ ፈረስ ላይ መቀመጥ ነው። በመጀመሪያው ደቂቃ ማንም ሰው ጀግና ነው። በሁለተኛው ደቂቃ ጭን መንደድ ይጀምራል። በሦስተኛው ሰው ራሱን ማታለል ይጀምራል፤ ዳሌውን በትንሹ ከፍ ያደርጋል፣ ጎንበስ ይላል፣ እጁን ጭኑ ላይ ሊያሳርፍ ይቃጣዋል። ይህ አቋቋም ከፊት ደረቱን ቢገፉት ወደ ኋላ የሚወድቅ፣ ከጎን ቢገፉት ግን እንደ ግንብ የሚከብድ ነው። የወደድሁበትም ምክንያት ምንም የሚደበቅበት ስለሌለ ነው። በጽሑፍ ሥራ የደከመ ዓረፍተ ነገር በሚያምር ቃል ሊሸፈን ይችላል። የደከመ ጭን ግን ይንቀጠቀጣል፤ ሁሉም ያየዋል።

ጊቺን ፉናኮሺ እ.ኤ.አ. በ1868 በኦኪናዋ ደሴት በሹሪ ተወልዶ፣ በመምህርነት ሥራ ኖሮ፣ በ1922 ወደ ቶኪዮ በመሻገር ካራቴን ለጃፓን ዋና ምድር ካስተዋወቁት መካከል ቀዳሚው ነው። ይህ ሰው ገጣሚ ነበር። «ሾቶ» በሚል የብዕር ስም ይጽፍ ነበር፤ ቃሉ ነፋስ በጥድ ዛፎች መካከል ሲያልፍ የሚሰማውን ማዕበል መሰል ድምፅ የሚያመለክት ነው። ተማሪዎቹ የሠሩለትን አዳራሽ «ሾቶካን»፣ የሾቶ ቤት ብለው በብዕር ስሙ ጠሩት። አዳራሹ በ1945 በአየር ድብደባ ጠፋ፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ በእጅጉ ከተስፋፉት የካራቴ ስልቶች አንዱ የሚጠራው ግን በዚያው በአንድ ገጣሚ የብዕር ስም ነው። እኛ ገጣሚዎች እምብዛም የማይገጥመን ዕድል ነው።

ፉናኮሺ በ1956 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ አንድ የማልረሳው ሥዕል አለ። ኦኪናዋን ታላቅ አውሎ ነፋስ ሲመታት አንድ ወጣት ከቤቱ ጣራ ላይ ይወጣል፤ በሁለት እጁ የወለል ምንጣፍ ዘርግቶ ይዞ፣ በፈረስ ጋላቢ አቋቋም ነፋሱን ፊት ለፊት ይጋፈጣል። ነፋሱ ይጥለዋል፤ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተመልሶ ይወጣል። ያ ወጣት ራሱ ፉናኮሺ ነበር። ታሪኩን ሳነበው ልቤን የነካው ጀግንነቱ አይደለም፤ ምንም ጥቅም ሳይፈልግ፣ አንድ የወደደው አቋቋም ምን ያህል እንደሚጸና ለማወቅ ብቻ ጣራ ላይ መውጣቱ ነው። ግጥም የሚጽፍ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል።

ከዚሁ ጋር አብሮ መታወቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ። ዛሬ የሾቶካን መለያ የሆኑት ረጃጅምና ዝቅተኛ አቋቋሞች ከጥንት የወረዱ ይመስሉን ይሆናል። ፉናኮሺ በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዓመታት ባሳተማቸው መጻሕፍት ውስጥ ያሉት ሥዕሎች ግን ከዛሬው ይልቅ ከፍ ብሎና ጠበብ ብሎ የቆመ ሰው ያሳያሉ። ብዙ የካራቴ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያስረዱት አቋቋሙን ያረዘመውና ዝቅ ያደረገው ልጁ ዮሺታካ ነው። ዮሺታካ ከልጅነቱ ጀምሮ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ነበር፤ በ1945 ገና በወጣትነቱ ዐረፈ። ይህን ካነበብሁ በኋላ ዝቅ ብዬ በቆምሁ ቁጥር አንድ በሕመም የተቸኮለ ወጣት ይታሰበኛል። ጥንታዊ ትውፊት ብለን የምንሰግድለት ነገር አንዳንድ ጊዜ የአንድ ሰው አካልና የአንድ ዘመን ችኮላ ነው።

የካራቴው ትምህርት ከሙያዬ ጋር የተገናኘው ዘግይቶ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተውኔቴን ራሴ በማዘጋጅበት ጊዜ፣ ከብዙ ዓመት ስደት በኋላ ቤቱ በር ላይ የሚደርስ አባት ሆኖ የሚጫወት ተዋናይ ነበረን። ድምፁ መልካም ነው፤ ቃሉን አጥርቶ ይናገራል፤ ስንኙን አይስትም። ነገር ግን እግሮቹ ከንግግሩ ተለይተው የራሳቸውን ጨዋታ ይጫወታሉ። ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት፣ ግማሽ ወደ ኋላ፣ ክብደቱን ከአንዱ ወደ ሌላው እያቀያየረ፣ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል። ስለ ስሜት፣ ስለ ገጸ ባሕርይው ያለፈ ሕይወት ለቀናት ብንነጋገርም ነገሩ አልተለወጠም። በመጨረሻ ጫማውን አስወልቄ በፈረስ ጋላቢ አቋቋም አቆምሁትና ንግግሩን ከዚያ እንዲጀምር ጠየቅሁት። ድምፁ ከጉሮሮው ወደ ሆዱ ወረደ። ትንፋሹ ስላጠረ ቃላቱን መቆጠብ ጀመረ። «ይህ ቤት የማን ነው?» የምትለዋን አጭር ንግግር ሲናገራት፣ እየተንቀጠቀጠ የነበረው ጭኑ መላውን ስደት ተናገረ። በመድረክ ላይ በእርግጥ እንዲያ ቆሞ አልተጫወተም፤ ቀና ብሎ ነው የቆመው። ሆኖም ክብደቱ የት እንዳለ ካወቀ በኋላ እግሮቹ መንከራተታቸውን ተዉ።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በጃፓን የኖ ቴአትር ተዋናይ የሚማረው የመጀመሪያ ነገር «ካማኤ» ነው፤ ጉልበቱን ለስለስ፣ ወገቡን ጸና አድርጎ የሚቆምበት ሥርዓት ነው፤ ቃሉም ካራቴኛው የፍልሚያ አቋሙን የሚጠራበት ያው ቃል ነው። የሕንዱ ካታካሊ ተዋናይ ጉልበቶቹን ወደ ጎን ከፍቶ በእግሩ የውጪ ጠርዝ ላይ ይቆማል፤ ሥልጠናውም በዚያው በኬረላ ከሚገኘው ከካላሪፓያቱ የፍልሚያ ጥበብ ጋር የተዛመደ ነው። በካላሪፓያቱ ውስጥ በዝሆን፣ በአንበሳ፣ በፈረስ፣ በእባብና በሌሎችም እንስሳት ስም የሚጠሩ አቋቋሞች አሉ። ጃፓናዊው አዘጋጅ ታዳሺ ሱዙኪ በ1976 ቡድኑን ይዞ ቶጋ ወደምትባል የተራራ መንደር ወጥቶ የተዋናይን ሥልጠና እንደገና ሲያደራጅ፣ መነሻ ያደረገው እግር መሬትን የሚረግጥበትን መንገድ ነበር። እነዚህ ሁሉ ሰዎች የተስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ተመልካች ከቃሉ በፊት የሚያየው መቆሙን ነው።

ገጣሚ ወዳጄ አንድ ቀን ልምምዳችንን ተመልክቶ ሲያበቃ ነገሩ አላስደሰተውም። «የጃፓን እግር ላይ የሐበሻ ራስ ልትገጥም ነው?» አለኝ። ቀጥሎም፣ «አባቶቻችን ሲፎክሩ ማን ዶጆ ላካቸው?» ሲል ጨመረ። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ በሣቅ የሚታለፍም አይደለም። የሌላውን ሕዝብ መልክ ያለ ትርጉሙ የሚሸከም ጥበብ ከቅጂ አያልፍም። ይሁን እንጂ የወዳጄ ጥያቄ ራሱ መልሱን የያዘ መሰለኝ። አባቶቻችን ሲፎክሩ እንዴት ነበር የሚቆሙት? ፎካሪ ሲነሣ ወዲህና ወዲያ ይንጎራደዳል፤ መሬቱን ይረግጣል፤ ከዚያ በኋላ ድንገት ቀጥ ይላል። «ዘራፍ!» የሚለው ድምፅ ከዚያ ጽናት ላይ ተነሥቶ ይወጣል። እግር ሳይተከል የወጣ «ዘራፍ» ማንንም አያስደነግጥም፤ በሠርግ ቤት እንኳ ልጆች ይሥቁበታል። እንግዲህ ከፉከራው ወደ ዘመናዊው መድረካችን ስንሻገር ቃሉንና ድምፁን ይዘን መጣን፣ እግሩን ግን ከአደባባዩ ትተነው መጣን ለማለት እደፍራለሁ። ተዋንያኖቻችን ብዙ ጊዜ የሚቆሙት ፊታቸው የማይታይ ማይክሮፎን እንዳለ አድርገው ነው።

ክርክራችንን ያዳምጡ ከነበሩት ተዋንያን መካከል በልጅነቱ የአቋቋም ቤት ደጅ የጠና አንድ ሰው ነበር። ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ከማእዘን የመጥረጊያ እንጨት አነሣና በመቋሚያ ምትክ ይዞ ወደ መካከል ወጣ። የሠራው ነገር ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ክብደቱን ከቀኝ እግሩ ወደ ግራው አሻገረው፤ ጉልበቱ ለስለስ አለ፤ እንጨቱ ከትከሻው ተነሥቶ በዝግታ ወረደ፤ ክብደቱም ተመለሰ። ካራቴ በሃያ ዓመት ያስተማረኝን፣ ማለትም ክብደት ከዳሌ እንጂ ከትከሻ እንደማይንቀሳቀስ፣ በዚያች በአንዲት ዝማሜ ውስጥ አየሁት። «የኔታ አንዳንድ ጊዜ መቋሚያችንን ይነጥቁንና እንዲሁ ያቆሙን ነበር» አለን። «ለምን?» ብለን ብንጠይቀው፣ «መደገፍ የለመደ እንዳይቆም ነዋ፤ መቋሚያው ለሚቆም ሰው ነው» ሲል መለሰልን። ወዳጄ ገጣሚው ዝም አለ። እኔም ዝም አልሁ፤ እኔ በውጭ ቃል ኪባ፣ ኮኩትሱ፣ ኔኮ አሺ እያልሁ ለዓመታት ስቆጥር፣ ለዚያች ዝማሜ የሚሆን አንድ ቃል በአፌ አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ በልምምዳችን መጀመሪያ ላይ የሚያቆመን እሱ ነው።

የወደዱትን አቋቋም መተው የሚያስፈልግበት ጊዜም ይመጣል። አርባ ሁለተኛ ዓመቴን ስይዝ ቀኝ ጉልበቴ ደረጃ ስወርድ መጮህ ጀመረ። የመረመረኝ ሐኪም በጉልበት መገጣጠሚያዬ ያለው ልስልስ አጥንት መሣሣቱን በፎቶግራፍ አሳየኝ፤ ካራቴውን አልከለከለኝም፤ ዝቅ ብሎ ለረጅም ጊዜ መቆሙን ግን ከለከለኝ። ለሌላ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን አንድ ገጣሚ ከእንግዲህ በቤት አትግጠም፣ ዝርው ብቻ ጻፍ የተባለ ያህል ነበር። በአዳራሹ ውስጥ ከእኔ ፊት የሚቆመው ጥቁር ቀበቶ የታጠቀ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። በአዳራሹ ሕግ እሱ አለቃዬ ነው፤ በአገሩ ሕግ ደግሞ እኔ ታላቁ ነኝ፤ ስለዚህ ሲያርመኝ ሁለቱን ሕጎች አስታርቆ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ከፍ ይበሉ፤ ጉልበትዎን አያስጨንቁት» ይለኛል። ትእዛዝ ነው፤ ግን በአክብሮት ነው የሚሰጠኝ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ይህን አክብሮት መቀበል ከሕመሙ ይልቅ ከበደኝ።

በዚያ ወቅት የፉናኮሺን ሃያ ምክሮች እንደገና አነበብሁ። ከእነርሱ አንዱ፣ የተበጀ አቋቋም ለጀማሪ መሆኑን፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ተፈጥሯዊው አቋቋም መሆኑን የሚያስተምር ነው። በወጣትነቴ ሳነበው ለሽማግሌዎች ማጽናኛ የተጻፈ መስሎኝ ነበር። ከፉናኮሺ አስቀድሞ፣ በ1645 ያረፈው የሰይፍ መምህር ሙሳሺ፣ የፍልሚያ አቋቋምና የዘወትር አቋቋም አንድ መሆን እንዳለባቸው ጽፏል። ይህ ተፈጥሯዊ አቋቋም፣ ሺዜንታይ የሚሉት፣ ሲያዩት ምንም የለውም። እግሮች በትከሻ ስፋት፣ ጉልበት ያልተቆለፈ፣ እጆች ወደ ታች። ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ እንዲህ የሚቆም ይመስላል። ልዩነቱ የሚታየው ሲገፉት ነው። ከፊትም፣ ከኋላም፣ ከጎንም ቢገፉት ወደሚያስፈልገው አቅጣጫ ወዲያውኑ ይሄዳል፤ በየትኛውም አቅጣጫ አስቀድሞ አልወሰነምና።

እስካሁን አልወደድሁትም። ይህን የምለው ለትሕትና ብዬ አይደለም። የፈረስ ጋላቢውን ስቆም ሥራ እየሠራሁ መሆኔን ጭኔ ይነግረኝ ነበር፤ በሺዜንታይ ግን ማንም ምንም አይነግረኝም። ዐሥር ደቂቃ ቆሜ ምን እንደሠራሁ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ አስተውያለሁ፤ ቀድሞ ስቆም የማዳምጠው ሕመሜን ነበር፣ አሁን ግን የአዳራሹን ድምፅ እሰማለሁ፤ የልጆቹን ትንፋሽ፣ የወለሉን ጣውላ፣ ውጭ የሚያልፈውን ሻጭ ጥሪ። ለጸሐፌ ተውኔት ይህ ከንቱ ትርፍ አይደለም፤ የሰው ንግግር የሚሰማው እንዲህ በሚቆም ሰው ጆሮ ነውና።

አሁን በሳምንት ሁለት ምሽት ከመጨረሻው ረድፍ እቆማለሁ። ከፊቴ ያሉት ልጆች ዝቅ ብለው፣ ጭናቸው እየተንቀጠቀጠ፣ የሌለውን ፈረሳቸውን ይጋልባሉ። እኔ ከሁሉም ከፍ ብዬ ስለምቆም የሁሉንም ጀርባ አያለሁ። በሦስተኛው ደቂቃ ላይ ከመካከላቸው ማን ዳሌውን ከፍ እንደሚያደርግ አውቀዋለሁ። አልናገርም፤ ጭኑ ይነግረዋል።